«ተውኩ»፣ «ለቀቅሁ» ወይስ «አስረከብኩ»? ከእጅ ለሚወጣ ነገር ቃል የመምረጫ መመሪያ

ጎንደር ውስጥ ማመልከቻ፣ ውልና ኑዛዜ በመጻፍ ነው የምተዳደረው። ወደ ጠረጴዛዬ ከሚመጣው ሰው አብዛኛው የያዘውን ነገር ከእጁ ሊያወጣ የመጣ ነው። አንዱ የተከራየውን ቤት ሊለቅ ነው። አንዷ ሥራው በቅቷታል። ሌላው ከጎረቤቱ ታርቆ ክሱን ሊያነሳ ይፈልጋል። አዛውንቶች ደግሞ ከእነሱ በኋላ ቤቱ የማን እንደሚሆን ያስባሉ።

ሁሉም ጉዳዩን ሲነግረኝ ብዙ ጊዜ የሚጠቀመው ቃል አንድ ነው፤ «ተውኩት»። በአፍ ሲነገር ምንም ችግር የለውም። ፊት ለፊት ተቀምጦ የሚሰማ ሰው ይገባዋል፤ ካልገባውም ይጠይቃል። ወረቀት ግን አይጠየቅም። ከዓመታት በኋላ ያንን ወረቀት የሚያነበው ዳኛ ወይም ወራሽ እናንተን አያውቃችሁም። የሚያየው ቃሉን ብቻ ነው።

መያዝን የሚናገሩ ቃሎቻችን ብዙ አይደሉም። ያዘ፣ ጠበቀ፣ አቆየ፣ አስቀመጠ እንላለን። ወደ ተቃራኒው ስንሻገር ግን ሰልፍ ነው፦ ተወ፣ ለቀቀ፣ ጣለ፣ ሰጠ፣ አስረከበ፣ አወረሰ፣ አስተላለፈ፣ ፈታ፣ አሰናበተ፣ ሻረ፣ ማረ፣ አነሳ፣ አስወገደ፣ መነነ። አንዱ በሌላው ቦታ ገብቶ የሚሠራበት ጊዜ አለ። የማይሠራበት ጊዜ ይበልጣል።

ቃል ስመርጥ የምጠይቀው ይህን ነው። ነገሩ ከእጃችሁ ወጥቶ ወዴት ሄደ? የተቀበለው ሰው አለ? የወጣው በፈቃዳችሁ ነው ወይስ ሳትወዱ? ነገ ሐሳባችሁን ብትለውጡ ተመልሶ ይጠየቃል? መልሱ ሲለያይ ቃሉም መለየት አለበት።

ተወ፦ ለልማድና ለቂም እንጂ ለንብረት አይሁን

ተወ ሰፊ ቃል ነው። ሲጋራ ይተዋል። ጫት ይተዋል። ቂም ይተዋል። «ተው እንጂ!» ብለን የሚደባደቡ ሰዎች እንገላግላለን። «ተወው፣ እግዜር ያውቃል» ብለን የተበደለውን እናጽናናለን። እዚህ ሁሉ ላይ ተወን የሚተካ ቃል የለም። ምክንያቱም ነገሩ ወደ ማንም እጅ አይገባም። የተተወ ሲጋራ ተረካቢ የለውም። የተተወ ቂምም እንደዚሁ።

ችግሩ የሚጀምረው ተረካቢ ሲኖር ነው። «ተወለት» ስንል ነገሩ ለሌላ ሰው ጥቅም ሆኗል። ግን መቼ? በምን ስም? ቃሉ ይህን አይናገርም።

አንዲት አሮጊት መጥተው አጠገቤ ካለው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ነጠላቸውን አስተካከሉና ጉዳያቸውን ነገሩኝ።

«ልጄ፣ ቤቴን ለትንሿ ልጄ ትቸላታለሁ ብለህ ጻፍልኝ።»

«እማማ፣ ከዛሬ ጀምሮ የእሷ ይሁን ማለትዎ ነው? ወይስ ከእርስዎ በኋላ?»

«ኧረ እኔ እያለሁማ ቤቱ የእኔ ነው! የት ልግባ ታዲያ?»

«እንግዲያው ኑዛዜ ነው የሚፈልጉት።»

ትንሽ አሰቡና «ነገ ብታስቀይመኝስ?» አሉኝ።

ይህ ጥያቄ ነው ቃሉን የሚወስነው። «ሰጠሁ» ወይም «በስጦታ አስተላለፍኩ» ተብሎ በሥርዓቱ ከተጻፈ ቤቱ ዛሬውኑ ከእጃቸው ይወጣል። ልጅቱ ብታስቀይማቸው ስጦታን ማስመለስ ቀላል አይደለም። «ተናዘዝኩ»፣ «እኔ ሳልፍ ትውረሰው» ከተባለ ግን ቤቱ በሕይወት እስካሉ ድረስ የእሳቸው ነው። ኑዛዜ ተናዛዡ በሕይወት እያለ በፈለገ ጊዜ ይሻራል። ሐሳባቸውን ቢለውጡ ሌላ ይጽፋሉ። «ትቸላታለሁ» የሚለው ቃል ሁለቱንም ሊሆን ይችላል። እሳቸው አንዱን አስበው ልጅቱ ሌላውን ልትረዳ ትችላለች። ወንድሞቿ ደግሞ ሦስተኛ ነገር ሊረዱ ነው።

ሥርዓቱን እግረ መንገዴን ልንገራችሁ። በ1952 ዓ.ም. በወጣውና ዛሬም በምንሠራበት የፍትሐ ብሔር ሕግ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በ4 ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት። ከምስክሮቹ አንዱ ዳኛ ወይም አዋዋይ ከሆነ 2 ይበቃሉ። መነበቡና ቀኑ እዚያው ወረቀቱ ላይ ይጻፋል። ከዚያ ተናዛዡም ምስክሮቹም ወዲያው ይፈርማሉ፤ መፈረም የማይችል ጣቱን ያትማል። ብዙ ኑዛዜ የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። ይነበባል፤ ግን «ተነበበ» ተብሎ አይጻፍም። የቤት ስጦታም ቢሆን በዚሁ በግልጽ ኑዛዜ ፎርም ካልተደረገ አይጸናም። ስለዚህ «ሰጠሁ» ብሎ ደብተር ቅዳጅ ላይ መፈረም ቤት አያስተላልፍም።

እሜቴ ኑዛዜውን መረጡ። እኔም ብሆን እሱን ነበር የምመርጠው።

ለቀቀ፦ ለቦታና ለተያዘ ነገር

ለቀቀ ከሁሉም በላይ የምወደው ቃል ነው። ሥራው ጥርት ያለ ነው። የተያዘ ነገር አለ፤ መያዙ ይቆማል። ገመድ ይለቀቃል። እስረኛ ይለቀቃል። ቤት፣ ሥራ፣ ወንበር፣ አገር ይለቀቃል።

በጥምቀት ሰሞን ፋሲል መዋኛ የመጣ ሰው ቃሉን በዓይኑ ያየዋል። ገንዳው አብዛኛውን ዓመት ደረቅ ነው። በዓሉ ሲቃረብ የቀሃ ወንዝ ውሃ ይለቀቅበትና ይሞላል። ጥር 11 ሕዝቡ ይጠመቅበታል። በዓሉ ሲያልፍ ውሃው ይለቀቃል። ሲገባም ሲወጣም ያው አንድ ቃል ነው። ለቀቀ ውሃው ወዴት እንደሄደ አይናገርም። የሚናገረው ያገደው ነገር መነሳቱን ብቻ ነው። ሠፈር ውስጥም «ውሃ ለቀቁ!» የሚል ድምፅ ሲሰማ ጀሪካን ያልያዘ አይኖርም።

ሌላም የሚያምር ነገር አለው። ያዡ እኛ ላንሆን እንችላለን። «ትኩሳቱ ለቀቀኝ» እንላለን። ያዡ ትኩሳቱ ነበር፤ የተያዝነው እኛ። «ትኩሳቱን ተውኩት» የሚል ጎንደሬ የለም። የሱስ ነገር ግን በሁለቱም ይነገራል። «ጫት ተውኩ» ያለ ሰው ውሳኔው የራሱ ነው። «ሱሱ ለቀቀኝ» ያለው ሌላ ኃይል እንደያዘው ይናገራል። ታሪኩን ለሚጽፍ ሰው ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። ማን ማንን ይዞ እንደነበር አስቡና ምረጡ።

ለቀቀ የማይበቃበትም ቦታ አለ። ተከራይ ቤት ሲወጣ «ለቅቄያለሁ» ብሎ ይሄዳል። ከወር በኋላ አከራዩ «የወሩን ኪራይ አምጣ» ይለዋል። «ለቅቄያለሁ እኮ!» «ቁልፉ የታለ?» ቁልፉ የተከራዩ ኪስ ውስጥ ነው፤ ወይም ለጎረቤት ልጅ ተሰጥቶ ቀርቷል። እንዲህ ያለ ክርክር ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ። ለቀቀ አንድ ሰው ብቻውን የሚያደርገው ነገር ነው። አስረከበ ግን ሁለት ሰው ይፈልጋል። አስረካቢ አለ፣ ተረካቢ አለ፣ ርክክብ የሚባል ወረቀት አለ።

ቤት ስትለቁ ታዲያ «ለቀቅሁ» የሚለው ላይ አትቁሙ። እንዲህ ይጻፍ፦ «ቤቱን በዚህ ቀን ለቅቄ፣ ቁልፉን ለአከራዩ አስረክቤያለሁ።» የመብራትና የውሃ ቆጣሪው ስንት ላይ እንደቆመ ይመዝገብ። የተሰበረ መስኮት ካለ እሱም ይጠቀስ። ሁለታችሁም ፈርሙ። አንድ ገጽ አይሞላም፤ ግን ከብዙ ጭቅጭቅ ያድናል።

ዙፋን ሲለቀቅ

እኛ ከተማ ውስጥ ሆኖ ስለ መልቀቅ አውርቶ ነገሥታቱን መዝለል አይቻልም። ሁለት ታሪክ ላንሳ።

ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክ እምነት የመንግሥት ሃይማኖት እንዲሆን ካወጁ በኋላ አገሩ በጦርነት ታመሰ። በመጨረሻ በ1624 ዓ.ም. ሕዝቡ ወደ ቀድሞ እምነቱ እንዲመለስ ፈቀዱ፤ መንግሥቱንም ለልጃቸው ለፋሲለደስ ሰጡ። ኋላ ጎንደርን የቆረቆሩት እኚሁ ፋሲል ናቸው። ሱስንዮስ ያደረጉትን በአንድ ቃል ጻፉ ብባል «አስረከቡ» እላለሁ። «አወረሱ» አልልም፤ በሕይወት ነበሩና። «ለቀቁ» ብቻ ብዬም አልተወውም። ተረካቢው ታውቋል፤ ሐሳቡም ተነግሯል።

ሁለተኛው የታላቁ ኢያሱ ታሪክ ነው። የሚወዷት እቁባታቸው ስትሞት ኀዘን ገባቸውና ጣና ላይ ወዳለች ደሴት ሄደው ተቀመጡ። ከጎንደር ቤተ መንግሥት ራቁ። እዚህ ያሉት መኳንንትና የተክለ ሃይማኖት እናት መለኮታዊት ንጉሡ መንግሥቱን ለቅቋል አሉ። በ1698 ዓ.ም. ልጃቸውን ተክለ ሃይማኖትን አነገሡ። ኢያሱ በ1699 ዓ.ም. መጀመሪያ ተገደሉ።

ኢያሱ ራቁ፤ ሌሎች «ለቀቀ» ብለው ተረጎሙት። በራቀና በለቀቀ መካከል ያለው ርቀት የአንድ ንጉሥ ነፍስ ነው። ዛሬም ከቦታው ለጥቂት ጊዜ ዞር የሚል ሰው አለ። ሕክምና ይሄዳል፣ ልጁን ሊጠይቅ ውጭ ይሄዳል። ቤቱን ወይም ሱቁን ለዘመድ አደራ ይላል። ምንም ወረቀት ካልተጻፈ ሲመለስ «ትተኸው ሄደህ የለም እንዴ?» የሚል ሊመጣ ይችላል። እንዲህ ላለው ጊዜ ቃሉ «አደራ ሰጠሁ» ወይም «ውክልና ሰጠሁ» ነው። አደራ ይመለሳል። ውክልና ይሻራል። ባለቤትነቱ ከባለቤቱ አይነቃነቅም።

ሥራ፦ ለቀቀ፣ ተሰናበተ፣ ጥሎ ጠፋ

ሥራ ላይ ምርጫው ግልጽ ነው። በገዛ ፈቃዱ የወጣ ሰው «ለቀቀ» ነው የሚባለው። አሠሪው ያስወጣው «ተሰናበተ»፣ በንዴት ሲነገር ደግሞ «ተባረረ» ይባላል። ሳይናገር የቀረ «ጥሎ ጠፋ» ነው። ዕድሜው ደርሶ የወጣው «ጡረታ ወጣ» ይባላል።

ማመልከቻ ላይ «ሥራዬን ትቻለሁ» ብላችሁ አትጻፉ። «ትቻለሁ» ያለፈ ነገር ነው። ሳትነግሩ ቀርታችሁ አሁን የምታስታውቁ ያስመስላል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሥራውን በፈቃዱ የሚለቅ ሠራተኛ የ30 ቀን ቅድሚያ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ስለዚህ አረፍተ ነገሩ ወደፊት ይመልከት፦ «ከዛሬ ጀምሮ የሚታሰብ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በመስጠት ሥራዬን በገዛ ፈቃዴ የምለቅ መሆኔን አስታውቃለሁ።» በእጃችሁ ያለውን ንብረት ደግሞ ታስረክባላችሁ። መልቀቂያና የሥራ ልምድ ማስረጃ ትጠይቃላችሁ። የመንግሥት ሠራተኛ በሌላ ሕግ ነው የሚተዳደረው፤ የራሱን መሥሪያ ቤት የሰው ሀብት ክፍል ይጠይቅ።

መልቀቂያን ከመሸኛ ጋር የሚያምታታም አለ። መልቀቂያ የምትሠሩበት ቦታ የሚሰጣችሁ ነው። መሸኛ ከቀበሌ ወደ ቀበሌ ወይም ከከተማ ወደ ከተማ ስትዛወሩ የምትይዙት ነው። አዲስ ቀበሌ ሄዳችሁ መልቀቂያ ብታሳዩ ይመልሷችኋል።

ጣለ፣ ጠፋ፣ ተሰረቀ

ጣለ አስቸጋሪ ቃል ነው። ቆሻሻ ይጣላል፤ የተጣለ ነገር ተመልሶ አይፈለግም። ሌላ ቦታ ግን ትርጉሙ ይገለበጣል። ዕቁብ እንጥላለን፤ ያ ገንዘብ ዕጣችን ሲወጣ ተሰብስቦ ይመጣል። ድንኳን እንጥላለን። መሠረት እንጥላለን። በሰው ላይ እምነት እንጥላለን። እነዚህ ሁሉ ማስቀመጥ ናቸው፤ ማጣት የለባቸውም። ስለዚህ ጣለን ከማየታችሁ በፊት ምን እንደተጣለ እዩ።

ለፖሊስ በሚጻፍ ማመልከቻ ላይ ግን ጠንቀቅ በሉ። «መታወቂያዬን ጣልኩ» የሚል ብዙ ሰው አለ። ማለት የፈለገው ሳያውቅ ከኪሱ እንደወደቀ ነው። «ጠፋብኝ» ይበል። ሌላ ሰው በድብቅ ወስዶት ከሆነ «ተሰረቅሁ» ይበል። አስፈራርተው ወይም ደብድበው ከወሰዱበት ደግሞ «ጠፋብኝ» ማለት ራሱን መጉዳት ነው። ኃይል የተጨመረበት ስርቆት በሕጋችን ውንብድና ነው፤ ከተራ ስርቆት ከብዶ ይታያል። በአፋችን «ተነጠቅሁ» ወይም «ተቀማሁ» እንላለን። እንዲያ ከሆነ የሆነውን በዝርዝር ጻፉ፤ ስንት ነበሩ፣ ምን ይዘው ነበር፣ በየት በኩል ሄዱ። «ጠፋብኝ» ብሎ የተጻፈ ሰነድ ላይ በኋላ «ተደብድቤ ነበር» ማለት የሚያምን አያገኝም።

ፈታ

ትዳር ላይ ሁለት ቃል ነው የሚያደናግረው፤ «ፈታኝ» እና «ጥሎኝ ሄደ»። ጥሎ የሄደ ባል አልፈታም። ዓመታት ቢያልፉም፣ ሌላ ከተማ ሌላ ሴት ይዞ ቢኖርም ጋብቻው በራሱ አይፈርስም። እዚህ ላይ የማያቸው እናቶች ያሳዝኑኛል። «ፈትቶኛል» ይላሉ። የፍቺ ውሳኔ አላችሁ ወይ ስላቸው ምንም የለም። ትዳሩ ስላልፈረሰ የንብረቱም ክፍፍል አልተነሳም። ማመልከቻቸውን የምጀምረው «ባለቤቴ ትቶኝ ከሄደ ጀምሮ» ብዬ ነው። ጥያቄው ላይ ስደርስ «የፍቺ ውሳኔ እንዲሰጠኝ» እላለሁ። ሁለቱን ቃላት በአንድ ወረቀት ላይ በየቦታቸው ማዋል ያስፈልጋል። «ተፋታን» ብሎ መጀመር ግን ዳኛው የውሳኔውን ግልባጭ እንዲጠይቅ ያደርጋል፤ ግልባጩ ደግሞ የለም።

ሰጠ፣ እጅ ሰጠ፣ አሳልፎ ሰጠ

ሰጠ ብቻውን ሲቆም መልካም ቃል ነው። ጎኑ ላይ ሌላ ቃል ሲጠጋ ግን ይለወጣል።

እጅ መስጠት መሸነፍን ማመን ነው። የቋራው ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ የያዟቸውን አውሮፓውያን ለቀቁ። እጃቸውን ግን አልሰጡም፤ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ሽጉጣቸውን በራሳቸው ላይ ተኮሱ። እስረኞቹን መልቀቅና እጅን መስጠት በእሳቸው ዘንድ ፈጽሞ የማይገናኙ ነገሮች ነበሩ። እዚሁ ጎንደር ላይ ደግሞ የጣሊያኑ ጄኔራል ናሲ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. እጁን ሰጠ። በምሥራቅ አፍሪካ የቀረው የመጨረሻው ትልቅ የጣሊያን ምሽግ የወደቀው ያኔ ነው። «ናሲ ጎንደርን ለቀቀ» ብሎ መጻፍ ስህተት ነው። ተከብቦ፣ ተሸንፎ እጁን ሰጠ።

አሳልፎ መስጠት ክህደት ነው። ይሁዳ ያደረገው እሱን ነው። ይህን የምለው በውል ላይ «ቤቴን አሳልፌ ሰጥቻለሁ» የሚል አጻጻፍ ስለማይ ነው። ጸሐፊው «አስተላለፍኩ» ማለቱ ነው። ለንብረት «አስተላለፍኩ»፣ ለካርታና ለሊብሬ «ስም አዞርኩ» ይበቃል።

ከገጠር የሚመጣ ገበሬም አንዳንዴ «መሬቴን ሸጥኩ» ብለህ ጻፍ ይለኛል። እምቢ እላለሁ። በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። እንዲያ ያለ ወረቀት ገንዘብ የከፈለውንም መሬት የሰጠውንም ያከስራል። የሚፈልገው ለተወሰነ ዓመት ገንዘብ ከሆነ ቃሉ «አከራየሁ» ነው። ዘመኑ ሲያልቅ መሬቱ ይመለሳል። ውሉ ላይ የዓመቱ ቁጥር በአኃዝም በፊደልም ይጻፍ፤ በወረዳው የገጠር መሬት አስተዳደር ዘንድ ይመዝገብ።

በአጭሩ የማልፋቸው

ማረ ለዕዳና ለበደል ነው። «ዕዳውን ተውኩለት» ከማለት «ከእርሱ የምጠይቀው ምንም ገንዘብ የለም» ብሎ መጻፍ ይሻላል፤ የሚቀር ጥርጣሬ የለም። ሻረ ለውክልናና ለኑዛዜ ነው። ውክልና ስትሽሩ ለተወካዩም በውክልናው ለሚሠራበት መሥሪያ ቤትም አሳውቁ፤ አለዚያ በድሮው ወረቀት መሥራቱን ይቀጥላል። አስወገደ የመሥሪያ ቤት ቃል ነው። አሮጌ መኪና በጨረታ ሲሸጥም፣ ያለፈበት መድኃኒት ሲቃጠልም «ንብረት ተወገደ» ይባላል። የቤት ዕቃችሁን ሸጣችሁ «አስወገድኩ» አትበሉ። መነነ ለዋልድባና ለጣና ገዳማት ሰዎች ይቆይ፤ ሥራ ለቆ ቤቱ ለተቀመጠ ሰው አይሆንም።

ክስ ስታነሱ

የመጨረሻው ብዙ ሰው የሚጎዳበት ነው። ሁለት ሰዎች ይካሰሳሉ። ሽማግሌ ይገባል። አንዱ «በቃ፣ ልክፈልህ፤ ክሱን ተው» ይላል። ከሳሹ ደስ ብሎት ይመጣና «ክሴን ትቻለሁ ብለህ ጻፍልኝ» ይለኛል። ገንዘቡን ተቀብለሃል ስለው «ለፋሲካ ይሰጠኛል» ይላል።

እዚህ ላይ እርሳሴን አስቀምጣለሁ። በፍትሐ ብሔር ክርክር ከሳሽ የፍርድ ቤቱን ፈቃድ ሳያገኝ ክሱን ከተወ በዚያው ጉዳይ ዳግመኛ መክሰስ አይችልም። ወጪና ኪሳራም ሊጠየቅ ይችላል። ፋሲካ መጥቶ ገንዘቡ ካልመጣ ምንም አይያዝለትም። ገና ያልተከፈለው ሰው ወይ ክሱን ይዞ ይቆይ፣ ወይ ስምምነቱ በጽሑፍ ሆኖ ፍርድ ቤቱ ዘንድ ይቅረብና ይመዝገብለት፣ ወይም ያለበትን ምክንያት አስረድቶ ፈቃድ ይጠይቅ። በሦስተኛው ከሄደ አረፍተ ነገሩ ይህ ነው፦ «ክሱን እንደገና የማቅረብ መብቴ ተጠብቆልኝ እንዳነሳ ይፈቀድልኝ።»

«ተጠብቆልኝ» የምትለዋን አትርሱ። ፍርድ ቤቱ የግድ ይፈቅዳል ማለት አይደለም፤ በቂ ምክንያት መኖሩን ያያል። ስለዚህ ምክንያቱን በዚያው ማመልከቻ በሁለት ሦስት መስመር አስፍሩ፤ የስምምነቱን ቅጂ አያይዙ። ትእዛዙ እስኪሰጥና ግልባጩን በእጃችሁ እስክትይዙ ድረስ ቀጠሮ አትቅሩ።